የገና ዕለት በጨለንቆ፤ በርካሽ ጦር ስለ መዋጋት የቀረበ ሐተታ

ስለ ጨለንቆ ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ብዙ ጦርና ብዙ ጠመንጃ ነበራቸው፤ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጥቂት ጦርና ጥቂት ጠመንጃ ነበራቸው፤ ስለዚህ በ1879 ዓ.ም. ብዙው ጥቂቱን ድል አደረገ ይባላል። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ጦር የያዙት አሚር የጁገልን ግንብ ትተው ወደ ሜዳ ለምን እንደ ወጡ፣ ለውጊያውም የገናን በዓል ስለ ምን እንደ መረጡ አይነግረንም። አሚሩ ሞኝ አልነበሩም። የተጠቀሙበት ስልት ቀደም ሲል ተሞክሮ የሠራ፣ በቂ ምክንያትም ያለው ስልት ነበር። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያ ስልት ምን እንደ ነበረና በአንድ ቀን ስለ ምን እንደ ከሸፈ መመርመር ነው።

ለመመርመሪያ የምጠቀምበት መሣሪያ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም የጨዋታ ዕውቀት ነው። ከመምህራን መካከል ይህን አንብቦ ቅር የሚለው ቢኖር፣ ጨዋታ ለጦር ሰው እንደ ትምህርት መቆጠሩ በአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን አሳስባለሁ። መኳንንቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል እንኳ ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገራችን ታሪክ ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ውጭ አገር ነገር ስናወራ ግን እ.ኤ.አ. እንላለን።)

በመጀመሪያ ግን ስለ ዛሬው ጨዋታ ጥቂት እንበል። የኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ በየዶርሙና በየጌም ቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ተጫዋቹ መንደር ያቀናል፤ እህል፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ ያስሰበስባል፤ በሰበሰበውም ወታደር ያሠለጥናል። ተቃዋሚው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሁለተኛው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ባለ ጥሩሩ ፈረሰኛ ብዙ ወርቅ ያስወጣል፤ ጦር የያዘው እግረኛ ግን በ35 እህልና በ25 እንጨት ይገኛል፤ ወርቅ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 አፍሪካውያን መንግሥታት ሲጨመሩበት ኢትዮጵያውያንም ገቡበት። ከተሰጣቸው ልዩ ጥቅሞች አንዱ ጦረኛቸው ያለ ዋጋ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ እንዲል መደረጉ ነው። ወርቅ የማይጠይቀውን ወታደር ሁሉ ተጫዋቾች በእንግሊዝኛው አነጋገር «ትራሽ» ይሉታል፤ ጥራጊ ማለት ነው። ወርቁ ከመሬት ተቆፍሮ ባለቀ ጊዜ ግን ጨዋታው የሚፈጸመው በዚሁ በጥራጊው ነው።

በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው የርካሽ ወታደር ስልት የሚከተለው ነው። በብዙ ጨዋታዎች ኮምፒዩተሩ የሚመራው በደንብ ነው፤ ወደ ቀረበው ጠላት ሂድ፣ የደከመውን ምታ ተብሎ ተጽፎለታል። ይህን የተረዳ ተጫዋች አንድ ቀላል ፈረሰኛ ወደ ኮምፒዩተሩ ሠፈር ይልካል። ከሠፈሩ ያለው ጦር ሁሉ ያንን አንድ ፈረሰኛ ለመያዝ ይነሣል፤ ፈረሰኛውም እየሸሸ በገደል አፋፍ፣ በግንብ ሥር፣ ቀስተኞች ባደፈጡበት ያሳልፈዋል። ነገ ያው ስልት ያለ አንዳች ለውጥ ይደገማል፤ ጦሩም ያለ አንዳች ለውጥ ይነሣል።

እንግዲህ ስልቱ እንዲሠራ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ የሚጣለው ወታደር በእውነት ርካሽ መሆን አለበት፤ ርካሽ ማለት ደካማ ማለት ሳይሆን ቢጠፋ ወዲያው የሚተካ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተቃዋሚው በተነካ ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት። የአገራችን ሰንጠረዥ ይህን ሁለተኛውን ነገር በደንብ ያሳያል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ጊዜ አለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ መደቆቻቸውንና ሌሎቹን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራው የሚያበቃው አንደኛው የሌላውን በበላ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ጥሩ ተጫዋች ዓይኑ ያለው በራሱ እጅ ላይ ሳይሆን በባለጋራው እጅ ላይ ነው፤ ያኛው አሰላለፉን ሲለውጥ ይህም ይለውጣል። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በአነስተኞቹ ተዋጊዎች የተገኘ ድል ይመሰገን ነበር። በትንሹ ለማሸነፍ የባለጋራን ልብ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሐረርጌ ታሪክ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአሚር አብዱላሂ ሳይሆን ከእርሳቸው በፊት 370 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የአዳል ሱልጣኖች መቀመጫቸውን ወደ ሐረር ያዛወሩት በ1512 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የአዳል ጦር ዋና መሪ የዘይላው ገዥ ማሕፉዝ ነበሩ። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በአገራችን ስድስት ዓመት የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ማሕፉዝ ለ25 ዓመት ያህል በየዓመቱ በክርስቲያኑ ግዛት ላይ ይዘምቱ ነበር፤ የሚዘምቱትም በዐቢይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አይቀመስም፤ እህልም የሚቀመሰው ቀኑ ከዋለ በኋላ ነው። ወታደሩ በአካል ይደክማል። ማሕፉዝ ያገኙት ነገር ይህ ነበር፤ የተቃዋሚያቸው ደንብ በባሕረ ሐሳብ ተጽፎ ነበር። ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚያውቅ ሁሉ የንጉሡ ጦር የሚደክምበትን ሳምንት ያውቃል። ስለዚህ ታላቅ ሠራዊት አላስፈለጋቸውም። ፈጥኖ ገብቶ፣ ከብትና ምርኮ ይዞ፣ ፈጥኖ የሚወጣ ጦር ይበቃ ነበር።

ይህ እንግዲህ ከኮምፒዩተሩ ጨዋታ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። በጥቂት ወጪ የሚላክ ጦር አለ፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ተቃዋሚ አለ። ኮምፒዩተሩን ትናንት በተታለለበት ዛሬም ይታለላል ብለን የምንስቅበት ተማሪዎች፣ ሰዎች ለ25 ዓመት በአንድ ስልት መጠቃታቸውን ስናነብ ሳቃችንን መቀነስ ይገባናል።

በ1509 ዓ.ም. ግን መልሱ ተለወጠ። ወጣቱ አፄ ልብነ ድንግል ማሕፉዝ በፈጠጋር መኖራቸውን ሲሰሙ ራሳቸው ዘመቱ፤ መውጫ መንገዶቹንም አስያዙ። አልቫሬዝ እንደሚለው ማሕፉዝ መውጫ እንዳጡ ባዩ ጊዜ አንድ ለአንድ የሚገጥማቸው ሰው ጠየቁ፤ ገብረ እንድርያስ የሚባል መነኩሴ ወጥቶ ገደላቸው። ፈጥኖ ለመግባትና ፈጥኖ ለመውጣት የተዘጋጀ ጦር በሩ ሲዘጋበት ምንም የለውም። ፈረሱ ቀላል የሆነለት ለመሸሽ ነበር፤ መሸሻ ከሌለ ቀላልነቱ ጉዳት ነው።

የማሕፉዝን ልጅ ድል ወንበራን ያገቡት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በኋላ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር። እርሳቸው በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የንጉሡን ዋና ጦር በግልጥ ገጥመው ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቻቸው እንደ ልማዳቸው ምርኮአቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው መመለስ ቢፈልጉም፣ ኢማሙ በ1523 ዓ.ም. ተመልሰው ሲመጡ ወርሮ ለመመለስ ሳይሆን አገር ለመያዝ መጡ። የማሕፉዝ ስልት በአማቻቸው ዘመን ቀረ ማለት ነው። ኢማሙ ከሞቱ በኋላ ደግሞ የሐረር ሰው እያደር ራሱን ወደ መከላከል አዘነበለ፤ አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገርለት የጁገል ግንብ ከአምስት በሮቹ ጋር ዛሬም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት መቶ ዓመት እናልፈዋለን፤ ለጉዳያችን የሚጠቅም ብዙ ነገር የለውም።

በ1868 ዓ.ም. ግብጻውያን በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዙ፤ አሚሩም ተገደሉ። በዚያ ጊዜ ግንቡ ከተማዪቱን አላዳናትም። በ1877 ዓ.ም. ግብጻውያን ሲወጡ ከቀድሞዎቹ አሚሮች ዘር የሆኑት አብዱላሂ ነገሡ። የተረከቡት ኃይል በጠመንጃ የሠለጠኑ ጥቂት መቶ ወታደሮችና ጥቂት መድፎች ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው የገጠር ሕዝብ ጦር እንጂ ጠመንጃ አልነበረውም። በምዕራብ በኩል የሸዋ ጦር አርሲንና ኢቱን እየያዘ ወደ ጨርጨር ቀርቧል። በ1878 ዓ.ም. አንድ የጣሊያን የመንገደኞች ቡድን በጊልዴሳ አካባቢ ሲገደል፣ ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ በቂ ምክንያት አገኙ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ሐተታ ዋናው ነው። የሸዋ ጦር በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል መሪነት ሂርና ላይ ሠፍሮ ነበር። የአሚሩ ጦር በሌሊት ደረሰበትና ርችት ተኮሰበት። ርችት አይገድልም፤ ቢበዛ ድንኳን ያቃጥላል። ነገር ግን ተኝቶ የነበረና እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ወታደር ሰማዩ በእሳት ሲሞላ ምን ያድርግ? ወደ ተራራው ሸሸ። አሚሩ በጥቂት ባሩድና በባለ ቀለም ብልጭታ አንድ ሙሉ የጦር ሠፈር በተኑ። በጦርነት ታሪካችን ውስጥ እንዲህ በርካሽ የተገኘ ድል ብዙ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱም ነገሮች ተሟልተው ነበር፤ የጠፋው ነገር የሚተካ ነው፣ ተቃዋሚውም አስቀድሞ የተገመተውን መልስ ሰጠ።

የሂርናን ነገር የሰሙት ንጉሥ ምኒልክ ራሳቸው ከእንጦጦ ተነሡ። አሚሩም ጨለንቆ እስኪደርሱ ድረስ በመንገድ አልከለከሏቸውም። ለመምታት ያሰቡት በገና ዕለት ነበር። የገናን በዓል የሚያውቅ አንባቢ አሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። የነቢያት ጾም ከአርባ ቀን በላይ ቆይቶ ይፈታል፤ ሌሊቱ በቅዳሴ ያልፋል፤ ሲነጋ ሥጋና ጠጅ ይቀርባል፤ ጌታውና ሎሌው የገና ጨዋታ አብረው ይጫወታሉ፤ በዚያ ቀን በጨዋታው መካከል ጌታ በሎሌው አይቆጣም። በዓመት ውስጥ የሸዋ ወታደር ከመሣሪያው የሚርቅበት፣ አለቃውም ትእዛዝ የሚያላላበት ቀን ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አሚር አብዱላሂ ከማሕፉዝ ተማሩ ለማለት አልፈልግም፤ ለማለትም አያስፈልግም። ለብዙ ዘመን የክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰው የጎረቤቱን የበዓል ቀን ከማንም ሳይማር ያውቃል። አሳቡ ግን አንድ ነው፤ ማሕፉዝ በጾሙ፣ አብዱላሂ በፍስኩ፣ ሁለቱም የተቃዋሚያቸውን አቆጣጠር እንደ ጦር መሣሪያ ያዙት።

ንጉሥ ምኒልክ ግን ይህንኑ ገምተው ወታደሮቻቸውን ቀስቅሰው፣ ታጥቀው እንዲጠብቁ አድርገው ነበር። የአሚሩ ጦር ሰክሮና ተዘናግቶ አገኘዋለሁ ያለውን ሠፈር ተሰልፎ አገኘው። ውጊያው ረጅም ጊዜ አልፈጀም። አሚሩ በፈረስ ወደ ምሥራቅ ሸሹ። ለከተማዪቱ ሕዝብ ምሕረት ለመለመን የቀሩት አጎታቸው አሊ አቡ በርካ ነበሩ።

ስለዚህ ድልና ሽንፈት ስንጽፍ የጠመንጃውን ብዛት ብቻ ብንቆጥር ሁለት ነገር ይቀርብናል። አንደኛው ሂርና በጨለንቆ ላይ ያደረገችው ሥራ ነው። የሂርናው ሽሽት ለሸዋ ውርደት ቢሆንም፣ ንጉሡን ያስጠነቀቀው እርሱ ነው። ርችት አይተው የሸሹት ሰዎች ርችት እንደማይገድል አውቀው ተመለሱ። ወረራው ሳያበቃ የባለጋራውን እጅ እንዳየ የሰንጠረዥ ተጫዋች፣ ምኒልክ አሰላለፋቸውን ለወጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሂርናው ድል አሚሩን ይበልጥ ሳያደፋፍራቸው አልቀረም፤ ሳይታሰብ የተበላ መደቅ የባለጋራን ንጉሥ ከሥፍራው ሲያስወጣ በሰንጠረዥም ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በሂርና የተከፈለው ዋጋ ባሩድ ነው፤ በጨለንቆ የተከፈለው ሰው ነው። አሚሩ ርካሹን ስልት ሁለተኛ ሲጠቀሙበት የሚከፍሉበት ገንዘብ ተለውጦ ነበር። ከግብጻውያን የቀሩት ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች በሐረር ገበያ የማይገዙ፣ በአንድ ዓመትም የማይሠለጥኑ ነበሩ። በኮምፒዩተሩ ጨዋታ ጦረኛው ሲሞት ከጦር ሠፈሩ በር ሌላው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣል፤ በጨለንቆ ግን ከኋላ የሚወጣ ሌላ ጦር አልነበረም። ጦር ብቻ ይዘው የወጡት ኦሮሞዎችና ሌሎች የአካባቢው ሰዎችም ቢሆኑ፣ ርካሽ የሆኑት በማን መዝገብ ነው? የጨለንቆ ቀን በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ በሐዘን የሚታወሰው ከመንግሥታት መዝገብ ሌላ መዝገብ ስላለ ነው። «ትራሽ» የሚለው የተጫዋቾች ቃል በማያ ገጽ ላይ ማንንም አይጎዳም፤ ወደ ታሪክ ጽሑፍ ግን ሲገባ ማየት አልወድም።

አሚሩ ከግንቡ ባይወጡ ኖሮ ይሻላቸው ነበር የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። በ1868 ዓ.ም. ግንቡ ያላዳናት ከተማ በ1879 ዓ.ም. ትድናለች ብሎ ማን ይተማመናል? ደግሞም ሐረር የምትበላው ከግንቡ ውጭ የሚመረተውን እህል ነው፤ በሮቿ ተዘግተው ብዙ ወር የምትቀመጥ ከተማ አልነበረችም።

ስለ ቼዝ ኮምፒዩተሮች የጻፉ ሰዎች አንድ የታወቀ ድካም ይጠቅሳሉ። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች አርቀው የሚያዩት ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለ ነበረ፣ የማይቀር ጥፋት ሲመጣባቸው ከዓይናቸው ለማራቅ ብለው መደቆቻቸውን አንድ በአንድ ይጥሉ ነበር፤ ጥፋቱ የቀረ ይመስላቸው ነበር፣ አልቀረም። የአሚሩን የገና ውጊያ ከዚህ ጋር ማመሳሰል ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። አሚር አብዱላሂ የሚመጣባቸውን ነገር በግልጥ አይተውታል። የቀረላቸው ዕድል ተቃዋሚያቸው እንደ ልማዱ ይውላል የሚለው ብቻ ስለ ነበረ ያለ የሌለውን በዚያ ላይ ጣሉ።

የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮችም ቢሆኑ ከዚህ ነገር ፈጽመው አልወጡም። እ.ኤ.አ. በ1997 «ዲፕ ብሉ» የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ካስፓሮቭን ካሸነፈ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በ«ጎ» ጨዋታ ከዋናዎቹ ባለሙያዎች ተራ ያልሆነ አንድ አሜሪካዊ እጅግ ብርቱ የተባለውን ፕሮግራም ደጋግሞ አሸነፈው። ስልቱ ቀላል ነበር፤ የፕሮግራሙን ጠጠሮች ቀስ ብሎ ይከባል፣ በሌላ ማዕዘን ደግሞ ዓይን የሚስብ ትንሽ ነገር ይጥልለታል። ሰው ቢሆን ያየው የነበረውን ከበባ ፕሮግራሙ አያይም፤ በሚቀጥለውም ጨዋታ አያይም። ፕሮግራሙ የሚነቃው ሠሪዎቹ ወስደው እንደገና ሲያስተምሩት ነው። በጨለንቆ ግን ያስተማረችው ሂርና ራሷ ናት፤ ለትምህርቱም ከአንድ ውጊያ በላይ አላስፈለገም።

ከጦርነቱ በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ሐረር ገቡ፤ ለከተማዪቱም የአክስታቸውን ልጅ መኮንንን ሾሙ። እርሳቸውም በ1898 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ገዟት።

ለወደፊቱ በዚህ ነገር ላይ መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚመጣው አውቶቡስ የዚህን ታሪክ ሥፍራዎች በተራ ያሳልፋል፤ መጀመሪያ ሂርናን፣ ቀጥሎ ጨለንቆን፣ ከዚያ ቁልቢንና ሐረማያን አልፎ ሐረር ይደርሳል። ስለ ጨለንቆ የተጻፈ ነገር ጥቂት አይደለም፤ መታሰቢያም ቆሞለታል። በሂርና የሚያቆም ግን የለም። አባቶቻቸው ስለዚያ የርችት ሌሊት ምን ይሏቸው እንደ ነበረ የሂርና ሽማግሌዎችን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እየጠየቀ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ፣ ከሁለቱ ቀኖች የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጥላ ሥር ያወጣው ነበር።